ፊደሉ ሲቀላ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ ጥሩምባ ነበር የሚለው። ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ልቅሶው ከሦስተኛው ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ እናታችን «ይሄ ልጅ የሌላ ሰው ሳንባ ጨምሮ ነው የመጣው» ትል ነበር። ሲያድግ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሆነ። አሸንዳ በሉት፣ ባልዲ በሉት፣ የጭስ ማውጫ በሉት፣ ከቆርቆሮ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከእጁ ይወጣል። መዶሻው ሲያርፍ ግድግዳ የሚጋራው ልብስ ሰፊ ጥርሱን ይነክሳል። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ኳኳታ መሀል ይዘፍናል፤ ያውም መዶሻውን ምት አድርጎ። መንገደኛው ቆም ብሎ ሳያዳምጠው አያልፍም። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ወንድሜን ማሞካሸት ልማዴ አይደለም፤ ድምፁ ግሩም ነበር ካልኩ ግሩም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የሱ ጆሮ ባዳ መሆን ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ጥሎት ኮበለለ። «ጥጥ ወትፍበት እንጂ አንተ ሰው!» ብዬ ስንቴ ጮኼበታለሁ። «እቴቴ፣ ጥጥ ለቁስል ነው» እያለ ሲስቅብኝ ኖረ። መጀመሪያ በር ሲንኳኳ መስማት ተወ፣ ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፣ ከዚያ የሰው ንግግር። መጨረሻ ላይ ፊቱ ቆመው በእጅ ካላስረዱት፣ ወይ ጆሮው ሥር ገብተው ካላንባረቁበት የማይገባው ሆነ። ሰፈሩ ደግሞ ምን ቸገረው፣ ስሙን ለወጠለት። ጥሩምባ ሲባል የኖረው ሰው አልሰሜ ተባለ። ፊት ለፊቱ «አልሰሜ እንዴት አደርክ!» ይሉታል፤ እሱ ሰላምታ ስለሚመስለው ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል። እኔም ያለኝን ስድብ ሁሉ አውርጄባቸዋለሁ፤ ግን የሰው አፍ በስድብ ተዘግቶ ያውቃል?

ዘፈን ያቆመው የልብስ ሰፊው ልጅ ልደት ላይ ነው። ሙዚቃው ተከፍቶ እሱም አብሮ ሲዘፍን ቆየ፤ ሙዚቃው አልቆ ሰው ኬክ መቁረስ ጀምሯል፣ ወንድሜ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥሏል። ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አፋቸውን አየ፣ ገባው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው መዶሻ ብቻ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ፤ ቃል ባይኖርበት። አንድ ልጅ ነው ያለችው። እናቷ ገና ጡት ሳትጥል ሞተችባትና እኔ ዕቃዬን ይዤ ገብቼ አሳደግኋት፤ ማታ ማታ ግን በዘፈን የሚያስተኛት እሱ ነበር። ትንሽ ከፍ ስትል ጉልበቱ ላይ ወጥታ «አባዬ፣ በሰርጌም ቀን ትዘፍንልኛለህ?» አለችው። «ያውም ቆሜ!» አላት። ልጅ ይረሳል፤ አባት አልረሳም። ልጅቷ አድጋ፣ ቢሮ ገብታ፣ እጮኛ ይዛ ስትመጣ እሱ መጀመሪያ ያሰበው ድግሱን አልነበረም። «እቴቴ፣ አሁን ምን ልሁን? ሙዚቃው የት እንደደረሰ ሳላውቅ እንዴት ነው የምዘፍነው?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን በላው።

መፍትሔው የመጣው ከመንገዱ ጥግ ከነበረው ቡና ቤት ነው። ቡና ቤቱ ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ወንድሜ በሠራለት ጭስ ማውጫ ዋጋ ፈንታ የካራኦኬ ማጫወቻውንና አንድ ካርቶን ዲስክ ሰጠው። እኔማ «ደንቆሮና ካራኦኬ! ሰውየው እየቀለደብህ ነው» ብዬ ካርቶኑን በር ላይ ልጥለው ነበር። ለካ ነገሩን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተን አንዱን ዲስክ ስንከፍተው የዘፈኑ ግጥም በነጭ ፊደል መጣ፤ ከዚያ ቃሉን የመዝፈኛ ሰዓቱ ሲደርስ ፊደሉ አንድ በአንድ ይቀላል። ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገትሮ ቀረ። ፊደሉ ሲቀላ አፉን ከፈተ፣ ቀዩ ሲቆም እሱም ቆመ። መስማት ለምኔ! በዓይኑ ይዘፍን ጀመር።

«እቴቴ፣ ልክ ነኝ?» አለኝ ፊቱ ወዝቶ።

በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ ተከታትዬው ነበር፤ አንዲት ምት አልሳተም። «ጊዜውን ልክ ነህ!» አልኩት በእጄ። እውነቴን ነው። ዜማውን ግን አልጠየቀኝም። ዜማው ከጆሮው ጋር አብሮ ሄዷል፤ ሽቅብ ሲባል ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲለሰልስ ይጮኻል፣ መሀል ላይ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ አለበት። ያልጠየቀኝን ምን ብዬ ልመልስ?

ከዲስኮቹ አንዱ በእኛው ቋንቋ የተሠራ ነበር፤ ውስጡም አባት ልጁን የሚድርበት ዘፈን አለ። «ሂጂልኝ ልጄ፣ ሂጂ በደህና፤ የደጄ መብራት አይጠፋምና» ይላል። ወንድሜ ሲያየው «ይሄው ነው! ለሰርጓ ይሄ ነው!» ብሎ ግድግዳውን መታው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የቡና ቤቱ ማጫወቻ ያረጀ ኖሮ አንድ ቀን ጢሱን ለቀቀና ሞተ። ቤት ውስጥ የቀረው ልጅቷ ከቢሮ ያመጣችው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኢንጂነሩ የሚገባው። ኢንጂነሩ ማለት የልጅቷ እጮኛ ነው። እሱ ነው ራሱን እንዲያ የሚጠራው እንጂ ሥራው ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ፕሪንተር ውስጥ የተወተፈ ወረቀት መጎተት ነው። ድንቄም ኢንጂነር! መጣና ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ሙዚቃው ከስፒከሩ ወጣ።

«ይሰማል!» አለ እጁን እያራገፈ።

ወንድሜ ስክሪኑን ያያል። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። «ፊደሉስ?» አለ።

«ይሰማል አባባ! ይሠራል!» ብሎ ጆሮው ሥር ጮኸበት።

«ለማን ነው የሚሰማው?» አልኩት እኔ። «አንተ ሰውዬ፣ ደንቆሮ ፊት ቆመህ ይሰማል ትላለህ? ፊደሉን ነው የሚልህ!»

ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች። ኢንጂነሩ ቢጨንቀው ዘፈኑን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠና እዚያ ውስጥ ፊደል ፍለጋ ገባ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሲከፍት ሲዘጋ፣ ሲከፍት ሲዘጋ አመሸና «ዲስኩ ተበላሽቷል፤ አባባ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውት ይሆናል፣ ፊደሉ ታጥቧል» ብሎ ፈረደ። የራሱን አለማወቅ በሽማግሌ ላይ ሲያላክክ ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ወንድሜ ደግሞ አመነው። እውነትም አንድ ቀን አቧራውን በጨርቅ ጠርጎለት ነበርና «በገዛ እጄ አጠብኩት» ብሎ ምግብ አልበላም አለ። በማግስቱ ዲስኩን መስኮት ሥር ይዞ፣ የማስመሪያ ቁጥር የሚያይበትን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ፊደሎቹን ሲፈልግ አገኘሁት። ዲስኩ ላይ የሚታየው የራሱ ዓይን ብቻ ነው። ንዴቴ እስከ አናቴ ወጣ። ዲስኩን ከእጁ ነጥቄ፣ እሱን በክንዱ ይዤ አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ወዳለችው ዲስክ ቀጂ ወሰድኩት።

ቀጂዋ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ዲስኩን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ምንም አልሆነም» አለች። «ዘፈኑና ፊደሉ አንድ ላይ አይደለም የተጻፉት። ፊደሉ በዘፈኑ ክፍተቶች ውስጥ ተወሽቆ ነው ያለው። የቤት ኮምፒውተር ዘፈኑን ወስዶ ፊደሉን ይተወዋል። ከተገለበጠማ ጭራሽ አይገኝም። የተወሸቀውን የሚያነብ ሲዲ ሮም፣ ዲስኩ የሚገባበት ዕቃ፣ ያስፈልጋል፣ ሁሉም አያነብም።» ከዚያ ኮምፒውተሩን ከቤት አስመጣችንና ከሞቱ ኮምፒውተሮች ሆድ ዕቃ ያወጣቻቸውን ሲዲ ሮሞች አንድ በአንድ ኮምፒውተራችን ላይ ሞከረች። አንዱ አልከፍትም አለ፣ አንዱ ዲስኩን ዋጠና አልተፋም አለ፣ አንዱ ዘፈኑን ብቻ አመጣ። ወንድሜ እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ጠባቂ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጇን ይከተላል። በመጨረሻ አንድ ጥርሱ የወለቀ አሮጌ ሲዲ ሮም ስትገጥም ስክሪኑ ላይ ነጭ ፊደል ብቅ አለ። ወንድሜ ብድግ ብሎ ቀጂዋን ግንባሯን ሳማት። እሷም ሳቀችና ፊደሉ ከሙዚቃው ትንሽ ዘግየት ይል ስለነበር እኔን በጆሮዬ እያስፈረደች አስተካከለችው።

ኮምፒውተሩን ሊሸከም የመጣው ኢንጂነሩ ነበር። እሱ ስለ ሲዲ ሮሙ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ ሌላ ነው፤ «ይሄ ዘፈን ለምንድነው ሁለት ጊዜ ያለው?»

«አንዱ ዘፋኙ ያለበት ነው፣ ለመለማመጃ። ሁለተኛው ሙዚቃው ብቻ ነው። ፊደሉ ሁለቱም ላይ አንድ ነው» አለችው ቀጂዋ።

«አሃ» አለ። ያቺ «አሃ» ያኔ ልጠረጥራት ይገባ ነበር።

ልምምዱ ተጀመረ። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩን ገፍቶ፣ የሽሮ ማማሰያ የሚያህል ብሎን መፍቻ እንደ ማይክ ጨብጦ ስክሪኑ ፊት ይቆማል። ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። አንድ ማታ ልጅቷ ጓዳ ገብታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አክስቴ፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ በዚህ ድምፅ ሰው ፊት አይቆምም! የእጮኛዬ ቤተሰቦች ምን ይሉኛል?»

«እንግዲያው አባትሽ ነው፣ ሂጂና ንገሪው» አልኳት።

«እኔ? ልቡ ይሰበራላ!»

«ታዲያ ማን ይንገረው?»

ኢንጂነሩ በሩ ላይ ተደግፎ «ማንም አይነግረውም። ይዝፈን። ደስ ይበለው። እኔ ነገሩን አስተካክለዋለሁ» አለ። እኔም ጅሏ ደግ የሠራ መስሎኝ መረቅኩት።

የሰርጉ ቀን አዳራሹ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ስፒከሩ በየበሩ ተደርድሮ፣ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ወንድሜ አዙሮ ተቀመጠ። ወንድሜ ሱፉን ለብሷል። ከጥፍሩ ሥር የቆርቆሮ እድፍ እንዳይታይ በሎሚ ሲፈገፍግ ነው ያነጋው። ማይኩን ሰጡት። ፊደሉ መጣ፣ መጀመሪያው ቃል ቀላ፣ ወንድሜ አፉን ከፈተ።

ከስፒከሩ የወጣው ማር የመሰለ ድምፅ ነው። የዲስኩ ዘፋኝ ድምፅ!

ደርቄ ቀረሁ። ዓይኔን ከማይኩ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ወለሉ ሳወርደው የገመዱ ጫፍ ከጠረጴዛው ኋላ እንደ አይጥ ጭራ ተጋድሟል። የትም አልተሰካም። ወንድሜ የደም ሥሩ እስኪገተር ይዘፍናል፣ ስፒከሩ የሌላ ሰው ድምፅ ይለቃል፤ የሱ ድምፅ የሚደርሰው ፊት ላሉት ጠረጴዛዎች ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ሁለቱንም ስለሚሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አንዱ ሌላውን በክርን ይጎሽማል። የኢንጂነሩ አጎት፣ ያ ወፍራሙ፣ ከወንድሜ ጎን ቆሞ እሱም አፉን ያለ ድምፅ እየከፈተ እየዘጋ ሰውን አሳቀ። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይደገም! ይደገም!» አሉ በእጃቸው። ደገመው። ያውም ጉንጩ በእንባ ርሶ ነው የደገመው። ልጁ ሮጣ አቀፈችው፤ አፍራ ይሁን አዝና እሷ ትወቅ።

ወንድሜ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠ። «አየሽ እቴቴ?» አለኝ። «ሰዉን አስለቀስኩት።»

«አየሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከሰርጉ ይብሳል። የሰርጉን ቪዲዮ ሰጡትና ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑለት። ባልዲ ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ «ግባ፣ ግባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» እያለ ሳሎን ያስገባል። ወሬው ተዛምቶ ኖሮ ቀዳዳ የሌለውን ባልዲ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ቁጭ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ በር ሲወጡ ግድግዳ ይዘው ይፈነዳሉ። አንዱን በመጥረጊያ እንጨት ወገቡን ብዬዋለሁ። ደግ አደረግሁ!

ጥቂት ወራት አለፉ። ልጅቷን ኅሊናዋ ሳይቆረቁራት አልቀረም፣ የጆሮ መሣሪያ የሚያድል ሐኪም ቤት አፈላልጋ አባቷን አስመዘገበችው። ሐኪሟ ከጆሮው ኋላ ገጠመችለትና «ለሙከራ ያቆዩት። ካልረዳዎት ይመልሱልን፣ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» አለችው። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔና እሱ ወደ ቤት መጣን። ቤት ሲገባ ቧንቧውን ከፈተና ውሃውን አዳመጠ። ማንኪያ አንስቶ ብርጭቆ መታ። በሩን ከፍቶ ዘጋ። እንደ ሕፃን ሳቀ።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ተናገሪ።»

«ምን ልናገር አንተ?»

«አዬ! ድምፅሽ አርጅቷል» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ እጁን አሻሽቶ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ።

«መጀመሪያ ምሳህን ብላ» አልኩት። «መብራት ሊጠፋ ነው አሉ» አልኩት። «ዛሬ ጆሮህን አታድክመው» አልኩት። የሚሰማኝ ጆሮ ገና ዛሬ ነው ያገኘው፣ ሊሰማኝ ግን አልፈለገም። ቪዲዮውን ከፈተ።

ያ ማር ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወንድሜ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። «እንዲህ ነው እንዴ የዘፈንኩት? እቴቴ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው?» እንባው ዱብ ዱብ አለ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገና ደረቱን ነፍቶ ከቪዲዮው ጋር «ሂጂልኝ ልጄ» አለ።

ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው መዝፈኑን ቀጥሏል። ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ሞከረ፤ «ሂጂ በደህና...» ሁለት ድምፅ ነው ያለው፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ቆርቆሮ። እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ ያየውን አየ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ያንን ወፍራም አጎት አየ፤ ከጎኑ ቆሞ አፉን እየከፈተ የሚዘጋውን።

ኮምፒውተሩን አጠፋና ተቀመጠ። ከደነቆረ ጀምሮ ሲናገር ይጮህ ነበር፤ ያን ቀን ግን የገዛ ድምፁን ስለሰማ በቀስታ ነው የጠየቀኝ።

«ሁሉም ያውቃሉ?»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«እሷም?»

ጎንበስ ብዬ የነጠላዬን ጥለት መቁጠር ጀመርኩ። መልሱን ያገኘ ይመስለኛል። መሣሪያውን ሳያወልቅ እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቁጭ ብሎ ዋለ። ምሳም አልበላም።

በማግስቱ ልጅቷና ኢንጂነሩ ብርቱካን ይዘው ከተፍ አሉ። እኔ እህል ውሃ የማያሰኝ ስድብ አዘጋጅቼ፣ አፌን አሹዬ ነበር የጠበቅኋቸው። ወንድሜ ግን ገና በሩ ሲከፈት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ። ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር ጮኸች፤ «አባዬ! ይሰማል?»

«አይሰማም!» አለ ወንድሜ፣ በዚያ በድሮው የጩኸት ድምፁ።

«ምንም?»

«ምንም! ጥዝ ይላል እንጂ አይሰማም!»

ልጅቷ ከንፈሯን መጠጠችና ትከሻውን ዳበሰችው። ኢንጂነሩ ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ በደንቆሮ ፊት እንደሚወራው እያወራ «ተይው፣ እንኳንም አልሰማ» አላት። «ያንን የሞተ በሬ ድምፁን ቢሰማ ራሱ ከቤት ይጠፋ ነበር።»

እሷ «ተው እንጂ!» አለችው። አለችው ግን ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ፊደሉ የጠፋ ቀን እንደሳቀችው።

ወንድሜ ሁለቱንም እያየ ፈገግ አለ። ያልሰማ ሰው ሲያዩት የሚያሳየውን ፈገግታ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። ከዚያ መሣሪያውን ከጆሮው አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ በሳጥኑ ከቶ ለኢንጂነሩ ሰጠው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ!» አለው እየጮኸ። «ደክማችሁልኝ ነበር!»

«ምንም አይደል አባባ!» ብሎ ጮኸበት ኢንጂነሩም፣ ሳጥኑን ኪሱ እየከተተ።